ደንን በሜትርና በሲባጎ፦ ከሐዋሳ እስከ ወንዶ ገነት የዛፎችን የቁጥር ሕግ ለመለካት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ደን ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ዛፍ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። አንዱ ሰማይ ሊነካ የደረሰ፣ አንዱ ከጉልበት የማያልፍ። በልክ የተሠራ አይመስልም። ግን ሜትር ይዛችሁ ጥቂት ደርዘን ዛፎች ብትለኩ ከቁጥሮቹ መሃል ሥርዓት ብቅ ይላል። ውፍረት ሲጨምር ቁመት በምን ያህል ይጨምራል? አንድ ሄክታር ላይ ስንት ትንንሽ፣ ስንት ትልልቅ ዛፍ ይኖራል? ግንድና ቅርንጫፍ በምን ይዛመዳሉ? ሁሉም የሒሳብ መልስ አላቸው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉን ካወቃችሁ፣ ሕጉ የተሰበረበትን ቦታም ታያላችሁ። ያ ቦታ ደግሞ ታሪክ አለው። መጥረቢያ አልፎበታል፣ ከብት ገብቶበታል፣ ወይም ሰው በአንድ ቀን ተክሎታል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ በየደረጃው ሁለት ነገር አብረን እናያለን፤ ቁጥሩ ምን መሆን ነበረበት፣ ካልሆነስ ለምን?

የሚያስፈልገው ሒሳብ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ነው። ተማሪ፣ መምህር፣ ባሕር ዛፍ ያለው ገበሬ፣ ቅዳሜን ከከተማ ወጣ ብሎ ማሳለፍ የሚወድ ሰው፣ ሁሉም ሊሠራው ይችላል።

የት እንለካ? ምን እንያዝ?

ልምምዱን ከተማ ውስጥ ጀምሩ። ሐዋሳ ለዚህ የተመቸች ናት። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ትልልቅ ሾላዎች አሉ። በየመንገዱ ዳር ግራቪሊያና ጃካራንዳ፣ በየግቢው ዋንዛ ታገኛላችሁ። እጃችሁን ማፍታቻ እነዚህ ይበቃሉ።

የከተማ ዛፍ ግን ብቻውን ያደገ ነው። ብርሃን የሚሻማው ጎረቤት የለውም። የደንን ሕግ ለማየት ደን መግባት ያስፈልጋል። ለዚያ ወንዶ ገነት አለ። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የሚገኘው እዚያ ነው። ተራራው ላይ የተፈጥሮ ደን ታገኛላችሁ፤ ዝግባ፣ ቀረሮ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሳሳ። በዚያው አካባቢ ደግሞ ሰው የተከለው የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ አለ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማወዳደር መቻል ትልቅ ዕድል ነው። ከመግባታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ቢመራችሁም ጥሩ ነው። የዛፎቹን ስም ከመጽሐፍ ይልቅ ከእሱ ቶሎ ትማራላችሁ።

የምትይዙት ዕቃ ቀላል ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ጥቅል ሲባጎ፣ ሠላሳ ሜትር የሚደርስ ረጅም ሜትር፣ አራት ችካል፣ ጠመኔ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ እርሳስ ይሻላል። ስልካችሁ ላይ ማዕዘን የሚለካ አፕ ጫኑ። ከሌለ ከጂኦሜትሪ ሣጥን ውስጥ ፕሮትራክተሯን አውጡና መሃሏ ላይ በክር ድንጋይ አንጠልጥሉባት። ቀጥ ያለ ጠርዟን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ዛፉ ጫፍ አነጣጥሩ። ክሩ የሚያርፍበትን ቁጥር ከ90 ጋር አወዳድሩና ልዩነቱን ውሰዱ። የምትፈልጉት ማዕዘን እሱ ነው።

ከሁለት ሰው በታች ሆናችሁ አትሂዱ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል።

አንደኛ፦ ውፍረትን መለካት

አብዛኞቹ የዓለም የደን ባለሙያዎች በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። "የደረት ከፍታ" ይሉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሥር ግንዱ ወደ ሥሩ ሲጠጋ ይሰፋል፤ ያንን ብትለኩ ዛፉን ከእውነቱ ታወፍሩታላችሁ። 1.3 ሜትር ደግሞ ጎንበስም ሳይሉ፣ እጅም ሳይሰቅሉ የሚለካበት ቦታ ነው።

1.3 ሜትር የሆነ ዱላ ቁረጡና ከግንዱ ጎን አቁሙት። ጫፉ ያረፈበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሜትሩን እዚያ ላይ አዙሩ። ሜትሩ ካልበቃ በሲባጎ አዙራችሁ ሲባጎውን በኋላ ለኩት። ያገኛችሁት ዙሪያውን ነው። ለ3.14 ስታካፍሉት ዲያሜትሩ ይወጣል። ዙሪያው 157 ሳንቲሜትር የሆነ ዛፍ ዲያሜትሩ 50 ሳንቲሜትር ነው።

ደን ውስጥ ሁሉም ግንድ ቀጥ ብሎ አይጠብቃችሁም። ተዳፋት ላይ ከሆናችሁ 1.3 ሜትሩን ከላይኛው ጎን ጀምራችሁ ቁጠሩ። ሐረግ ከተጠመጠመበት ሜትሩን በሐረጉ ሥር አሳልፉ፤ ሐረጉን አብራችሁ አትለኩ። ዛፉ ከ1.3 ሜትር በታች ለሁለት ከተከፈለ እንደ ሁለት ዛፍ ጻፉት። እንደ ሾላ ሥሩ እንደ ግድግዳ ወጣ ወጣ ያለ ዛፍ ሲገጥማችሁ ደግሞ ከዚያ ሥር በላይ፣ ግንዱ ክብ የሆነበት ላይ ለኩና ከፍታውን ማስታወሻ ያዙ።

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር፣ ስም፣ ዙሪያ፣ ዲያሜትር፣ ቁመትና "ማስታወሻ" የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። ማስታወሻው ከሌላው እኩል ዋጋ አለው። "ጫፉ ተሰብሯል"፣ "ከጉቶ የበቀለ ነው"፣ "ቅርፊቱ ተልጧል" የሚሉት ቃላት በኋላ ግራፉ ላይ ያፈነገጠች ነጥብ ስታዩ መልስ ይሆኗችኋል።

ሁለተኛ፦ ቁመትን መለካት

ውፍረት በእጅ ይዳሰሳል። ቁመት ግን በሒሳብ ነው የሚደረስበት። ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ነውና ረጋ በሉ።

ቀላሉ መንገድ የ45 ዲግሪው ነው። አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ወረቀት በሰያፍ እጠፉና ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሥሩ። አንዱን ጎን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ በረጅሙ ጎን በኩል ወደ ላይ እዩ። የዛፉ ጫፍ ከረጅሙ ጎን ጋር እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። ከቆማችሁበት እስከ ግንዱ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ከመሬት እስከ ዓይናችሁ ያለውን ቁመት ጨምሩበት። አለቀ፤ የዛፉ ቁመት ያ ነው።

ደን ውስጥ ግን እንደ ልብ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። ቁጥቋጦው አያሳልፍም፣ ጫፉም አይታይም። እዚያ ማዕዘን መለካት ይሻላል። ከግንዱ 20 ሜትር ራቁ። ወደ ጫፉ ያለውን ማዕዘን ለኩ። የማዕዘኑን ታንጀንት በ20 አባዙ። ማዕዘኑ 35 ዲግሪ ከሆነ ታንጀንቱ 0.70 ነው፤ 14 ሜትር ይሆናል። ዓይናችሁ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ከሆነ ዛፉ 15.5 ሜትር ነው ማለት ነው። እነዚህን ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፏቸው፦ 30 ዲግሪ 0.58፣ 35 ዲግሪ 0.70፣ 40 ዲግሪ 0.84፣ 45 ዲግሪ 1፣ 50 ዲግሪ 1.19።

የወንዶ ገነት ተራራ ላይ ሜዳ ብርቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ማዕዘን ለኩ፤ አንዱን ወደ ጫፉ፣ አንዱን ወደ ግንዱ ሥር። ሥሩ ከዓይናችሁ በታች ከሆነ ሁለቱን ቁመቶች ደምሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ ወደ ሥሩ 10 ዲግሪ ወደ ታች ካያችሁ 3.5 ሜትር ይጨመራል፤ ዛፉ 17.5 ሜትር ይሆናል። ሥሩ ከዓይናችሁ በላይ ከሆነ ደግሞ ትቀንሳላችሁ። 20 ሜትሩ አግድም የተለካ እንጂ ተዳፋቱን ተከትሎ የወረደ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሜትሩን በሁለት ሰው ወጥራችሁ ያዙት።

አንድ ወጥመድ አለ። እንደ ግራርና ሾላ ጃንጥላው ሰፊ የሆነ ዛፍ ስር ቆማችሁ ወደ ላይ ስታዩ የምታዩት ጫፉን ላይሆን ይችላል። ወደ እናንተ የቀረበው የቅርንጫፍ ጠርዝ ጫፉን ይጋርደዋል፣ ማዕዘኑም ያለ አግባብ ይሰፋል። መድኃኒቱ መራቅ ነው። ከቻላችሁ የዛፉን ቁመት ያህል ራቁ።

የጥላ ዘዴም አለ። አንድ ሜትር ዱላ ታቆሙና የዱላውን ጥላ ከዛፉ ጥላ ጋር ታወዳድራላችሁ። ለከተማ ዛፍ ጥሩ ነው። ሐዋሳ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ግን እኩለ ቀን ላይ ጥላ በጣም ያጥራል፣ ትንሽ ስሕተት ትልቅ ይሆናል። ከጠዋቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ወይም ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የውፍረትና የቁመት ዝምድና

አሁን ሁለት ዓምድ ቁጥር አላችሁ። ዛፍ በእጥፍ ሲወፍር በእጥፍ ይረዝማል?

አይረዝምም። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 እንዳብራራው፣ አንድ ነገር ቅርጹን ሳይቀይር ብቻ ቢተልቅ ክብደቱ ከጥንካሬው ቀድሞ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1881 አልፍሬድ ግሪንሂል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ቋሚ ምሰሶ በራሱ ክብደት ሳይጎብጥ እስከ ስንት መርዘም እንደሚችል አሰላ። ውጤቱ፦ የመጨረሻው ቁመት ከዲያሜትሩ ጋር የሚያድገው በሁለት ሦስተኛ ርቢ (ፓወር) ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቶማስ ማክማሆን የተባለ ተመራማሪ የአሜሪካን ትልልቅ ዛፎች ከዚህ ስሌት ጋር አስተያየ። ዛፎቹ በአማካይ መስመሩን ተከትለዋል። ግን ከሚጎብጡበት ቁመት ወደ ሩብ ገደማ ላይ ነበር የቆሙት። ዛፍ ለንፋስና ለዝናብ የሚሆን መጠባበቂያ ይዞ ነው የሚያድገው።

በቁጥር እንየው። ዲያሜትር በእጥፍ ሲያድግ ቁመት 1.6 ጊዜ ገደማ ብቻ ያድጋል። ዲያሜትር ስምንት ጊዜ ሲያድግ ቁመት አራት ጊዜ። 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ 8 ሜትር ከሆነ፣ በዚሁ ሕግ 80 ሳንቲሜትር የደረሰው 32 ሜትር ይሆናል፤ 64 ሜትር አይደለም።

የራሳችሁን ቁጥር ለመፈተን ሎጋሪዝም ተጠቀሙ። ብዙ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ደንገጥ ይላል፣ ነገሩ ግን ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ዲያሜትር ሎግ እና የቁመቱን ሎግ አውጡ። የመጀመሪያውን በአግድም፣ ሁለተኛውን በቁም አድርጋችሁ በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥቦቹን አስቀምጡ። ጎብጦ የነበረው መስመር ቀጥ ይላል። ከመሃላቸው በማስመሪያ አንድ መስመር አሳልፉ። የመስመሩ ስሎፕ የምትፈልጉት ርቢ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ሎጎቹ 1 እና 0.903፣ 1.903 እና 1.505 ናቸው። ልዩነቶቹን ስታካፍሉ 0.667 ይወጣል፤ ሁለት ሦስተኛ። ኤክሴል ያለው ሰው ስሎፕ በሚለው ፎርሙላ በሰከንድ ያገኘዋል።

የእናንተ ቁጥር ልክ 0.667 ላይ ካላረፈ አትከፉ። ማንበብ የሚጀምረው እዚያ ነው። የተፈጥሮ ደን ውስጥ በጣም ወፍራም የሆኑት ዛፎች ቁመታቸው እየቆመ፣ ውፍረታቸው ግን እየቀጠለ ይሄዳል፤ መስመሩ ጫፉ ላይ ጎንበስ ይላል። የተጠጋጋ ባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ለመወፈር ጊዜ የለውም።

ይህንን በአንድ ቁጥር ለመያዝ ቁመቱን በሜትር፣ ዲያሜትሩንም በሜትር አድርጋችሁ አካፍሉ። ሜዳ ላይ ብቻውን ያደገ ዋንዛ 10 ሜትር ቁመትና 0.5 ሜትር ውፍረት ካለው ውጤቱ 20 ነው። 20 ሜትር ቁመትና 0.2 ሜትር ውፍረት ያለው ባሕር ዛፍ 100 ይመጣል። የደን ባለሙያዎች ከ80 በላይ ሲሆን መጠንቀቅ ይጀምራሉ፤ ከ100 በላይ የሆነ ዛፍ በዙሪያው ያሉት በድንገት ከተቆረጡ ንፋስ በቀላሉ ይጥለዋል። ከተማ ውስጥ ቤት ለመሥራት የባሕር ዛፍ መሬት ተመንጥሮ "ለጥላ" ተብሎ አንድ ሁለት ዛፍ የሚተውበት ጊዜ አለ። ያንን ዛፍ ለክታችሁ ቁጥሩ ከ100 ካለፈ ቤቱን ከሥሩ አትሥሩ።

አራተኛ፦ ቆጠራ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ሥራ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ቁመት እንኳ አያስፈልገውም። የደኑን ጤና ግን ከሁሉ በላይ ያሳያል።

በመጀመሪያ 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ መደብ ከልሉ። 400 ካሬ ሜትር ነው፤ የሄክታር አንድ ሃያ አምስተኛ። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በሲባጎ ከአንዱ ችካል በአንድ በኩል 6 ሜትር፣ በሌላው 8 ሜትር ለኩ፤ በሁለቱ ጫፎች መሃል ያለው ርቀት 10 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው። ስትጨርሱ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ 28.3 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። መደቡን የምታስቀምጡበትን ቦታ "ደስ የሚል" ስለሆነ አትምረጡ። መንገዱ ዳር ያለውም አሳሳች ነው፤ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ስለሆነ። ከመግባታችሁ በፊት ካርታ ላይ ወስኑ፣ የደረሰበት ቦታ ላይ ከልሉ። ከአንድ መደብ የበለጠ ሥሩ፤ ትልልቅ ዛፎች በአንድ መደብ አንድም ላይገኙ ይችላሉና።

ዲያሜትሩ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ የሆነውን እያንዳንዱን ዛፍ ለኩ። ከዚያ በየ10 ሳንቲሜትሩ መድቡ፦ ከ5 እስከ 15፣ ከ15 እስከ 25፣ ከ25 እስከ 35 እያላችሁ። በየምድቡ ስንት ዛፍ እንዳለ ቁጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1898 ፍራንሷ ደ ሊዮኩር የተባለ ፈረንሳዊ የደን ባለሙያ ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ዛፎች ባሉበት ደን ውስጥ ይህንኑ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ከአንዱ ምድብ ወደ ቀጣዩ ስትሄዱ ቁጥሩ በሞላ ጎደል በአንድ ዓይነት ንጽጽር ይቀንሳል። ለማሳያ ያህል ንጽጽሩን 2 እናድርገው። ትንሹ ምድብ 96 ዛፍ ካለው፣ ቀጣዮቹ 48፣ 24፣ 12፣ 6 እና 3 ይሆናሉ። ግራፉ ከግራ በኩል ከፍ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ምክንያቱም ቀላል ነው። ትልቅ ዛፍ እንዲኖር ብዙ ትንንሾች መወለድ አለባቸው፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በጥላና በሽሚያ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ወደ ቀጣዩ ምድብ ያልፋሉ።

የእናንተን ቁጥሮች በዚህ ዓይን እዩ። እያንዳንዱን ምድብ ለቀጣዩ አካፍሉ። ንጽጽሩ ተቀራራቢ ከሆነ ደኑ ራሱን እየተካ ነው። ካልሆነስ?

ትንንሾቹ ከጎደሉ፣ ማለትም ግራፉ ከግራ በኩል ዝቅ ካለ፣ ቡቃያ እያደገ አይደለም። ከብት እየገባ ነው፣ ወይም ከሥር ያለው ለማገዶ እየተለቀመ ነው። እንዲህ ያለ ደን ለዓይን ያምራል። ትልልቆቹ አሉ፣ ከሥር ንጹሕ ነው፣ ፎቶ ላይ ድንቅ ይወጣል። ግን ተተኪ የለውም። ይህ ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው "ደኑ ደህና ነው" ብሎ ይመለሳል።

መሃሉ ከጎደለ፣ ለማገርና ለአጥር የሚሆነው ውፍረት ነው የተቆረጠው። ትልቁን ለመቁረጥ ጉልበትና ድፍረት ይጠይቃል፤ ክንድ የሚያህለውን ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ ይዞት ይሄዳል። ትልልቆቹ ከጎደሉ ደግሞ ጣውላ ሆነዋል። በተለይ ቀረሮ፣ ዝግባና ዋንዛ በጣውላነታቸው ስለሚፈለጉ በየዝርያው ለይታችሁ ቁጠሩ። ጉቶ ካገኛችሁም ለኩት፤ ያለፈውን ይነግራችኋል።

ግራፉ መሃሉ ላይ እንደ ኮረብታ ካበጠ፣ በአንድ ጊዜ የተተከለ ደን ላይ ናችሁ። የፈረንጅ ጥዱ ውስጥ ይህንን በግልጽ ታዩታላችሁ። ጥፋት አይደለም፤ ዕድሜያቸው እኩል ስለሆነ ነው።

ለመፍረድ ግን አትቸኩሉ። እንደ ዋንዛና ብሳና ያሉት ብርሃን ፈላጊዎች ናቸው። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ቡቃያቸው አይዘልቅም። ዛፍ ወድቆ ክፍት ቦታ ሲገኝ ነው የሚነሡት። ስለዚህ የዋንዛ ትንንሾች በጥላው ውስጥ ቢጠፉ ሕጉ አልተሰበረም። ዝግባ ግን በልጅነቱ ጥላ ይችላል፤ የእሱ ትንንሾች ከሌሉ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

አምስተኛ፦ ስንት ዛፍ ይበቃል?

ይህ ክፍል ባሕር ዛፍ ለሚተክል ሰው ገንዘብ ነው።

አንድ በአንድ ሜትር ከተተከለ አንድ ሄክታር 10,000 ዛፍ ይይዛል። ሁለት በሁለት ከሆነ 2,500። ዛፎቹ ሲያድጉ ግን መሬቱ አይሰፋም። እ.ኤ.አ. በ1933 ሬይኔክ የተባለ አሜሪካዊ የደን ባለሙያ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ዕድሜያቸው እኩል የሆኑ ደኖችን አይቶ አንድ መስመር አገኘ። አማካይ ዲያሜትር ሲያድግ መሬቱ የሚችለው የዛፍ ብዛት በ1.6 ርቢ ይቀንሳል። ማለትም ውፍረቱ በእጥፍ ሲሆን ብዛቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል። አማካይ 10 ሳንቲሜትር ላይ ሞልቶ የተጨናነቀ 2,500 ዛፍ፣ 20 ሳንቲሜትር ሲደርስ 820 ገደማ ብቻ ይተርፋል። የቀሩት ይደርቃሉ።

ልክ እንደ ሦስተኛው ደረጃ የብዛቱንና የአማካይ ዲያሜትሩን ሎግ አውጥታችሁ መስመር ብታሰምሩ ይህንን ታዩታላችሁ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ብዙ እርሻዎች መለካት ይጠይቃል እንጂ ከባድ አይደለም። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ መድረቃቸው ካልቀረ ቀድማችሁ ቁረጧቸው። ቀጭኑ ለማገር፣ ትንሽ ወፈር ያለው ለአጣና ይሸጣል፤ የተረፈው ደግሞ ቦታ ሲያገኝ ይወፍራል።

የንድፈ ሐሳብ ሰዎችም በዚህ ብዙ ተከራክረዋል። ዌስት፣ ብራውንና ኤንኲስት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1999 ባወጧቸው ጽሑፎች ውሃና ምግብ በዛፍ ውስጥ ከሚጓዝበት የቅርንጫፍ መረብ ተነሥተው ብዙ ሕጎችን በአንድ ለማሰር ሞከሩ። ከዚያ ሐሳብ የሚወጣው ርቢ 2 ነው፤ ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ ብዛት ወደ ሩብ ይወርዳል። እውነተኛ ደኖች ሲለኩ ግን ሁሉም አይስማሙም። በጣም ትልልቅ ዛፎች ብዙ ጊዜ ሕጉ ከሚለው ያነሱ ናቸው፤ ንፋስና መብረቅ፣ በሽታና ድርቅ ቦታ ስለጠበበ ብቻ አይመጡምና።

ስድስተኛ፦ ግንድና ቅርንጫፍ

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በማስታወሻው ላይ አንድ አስተያየት አስፍሯል። በየትኛውም ከፍታ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች አንድ ላይ ቢታሰሩ የግንዱን ውፍረት ያክላሉ አለ። ይህንን ሐይቁ ዳር በአሥር ደቂቃ መፈተን ትችላላችሁ።

በእጅ የሚደረስበት መንታ ያለው ዛፍ ፈልጉ። ከመንታው በታች የግንዱን ዙሪያ፣ ከመንታው በላይ የሁለቱን ቅርንጫፎች ዙሪያ ለኩ። መጋጠሚያው ላይ ያለውን እብጠት ራቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ አባዙ። የቅርንጫፎቹ ድምር ከግንዱ ጋር መቀራረብ አለበት። ግንዱ 50 ሳንቲሜትር፣ ቅርንጫፎቹ 40 እና 30 ከሆኑ 1,600 ሲደመር 900፣ ልክ 2,500 ይመጣል። ዙሪያውን ወደ ስፋት መቀየር እንኳ አያስፈልግም፤ 3.14 ከሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ።

ለምን እንዲህ ሆነ? እ.ኤ.አ. በ1964 ሺኖዛኪና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ ያቀረቡት ሐሳብ፣ እያንዳንዱ የቅጠል መጠን ከሥር ጀምሮ የራሱ የውሃ ቧንቧ አለው ይላል። ግንዱ የእነዚህ ቧንቧዎች እስር ስለሆነ ሲከፈልም ድምሩ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ክሪስቶፍ ኤሎይ ሌላ መልስ ሰጠ፤ ዛፉ ንፋስን በእኩል ለመቋቋም ሲል ይህንን ቅርጽ ይይዛል አለ። እኔ ሁለተኛው ይበልጥ ያሳምነኛል። ያረጀ ግንድ ውስጡ ያለው እንጨት አብዛኛው ውሃ ማሳለፍ ያቆመ ነውና ውሃ ብቻውን ውፍረቱን አይገልጽም።

ግንዱ ከድምሩ በብዙ ከበለጠ ቀና ብላችሁ ጠባሳ ፈልጉ። የመብራት ሽቦ እንዳይነካ የተቆረጠ፣ ወይም በንፋስ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ቦታ ታገኛላችሁ።

ሰባተኛ፦ ክብደትና ካርቦን

ሳይቆርጡ የዛፍን ክብደት ለመገመት ሻቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሞቃታማ አገር ዛፎች ያወጡት ቀመር አለ። ዲያሜትሩን በሳንቲሜትር በራሱ አባዙ፣ በቁመቱ በሜትር አባዙ፣ በእንጨቱ ጥግግት (በግራም ለኪዩቢክ ሳንቲሜትር) አባዙ። ውጤቱን ወደ 0.976 ርቢ ከፍ አድርጉና በ0.0673 አባዙ። ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ይወጣል። ጥግግቱ በየዝርያው ይለያያል፤ ለምሳሌ ያህል 0.5 እንውሰድ።

50 ሳንቲሜትር ውፍረትና 20 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ 1,320 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከዚህ 47 በመቶው ካርቦን ነው፤ 620 ኪሎ ያህል። ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቀየር በ3.67 ስታባዙት 2.3 ቶን ገደማ ይሆናል።

አሁን ትንሹን አስሉ። 10 ሳንቲሜትር ውፍረትና 8 ሜትር ቁመት ያለው ዛፍ 23 ኪሎ ብቻ ነው። ውፍረቱ በአምስት ጊዜ ያነሰ ነው፣ ክብደቱ ግን በ57 ጊዜ ገደማ። አንድ ትልቅ ዋንዛ ቆርጦ "በምትኩ አሥር ችግኝ እተክላለሁ" የሚል ሰው ካለ ይህንን ስሌት አሳዩት። ሃምሳ ሰባት ችግኝ ተክሎ፣ አንድም ሳይደርቅበት፣ ሁሉም 10 ሳንቲሜትር እስኪደርሱ መጠበቅ አለበት። ችግኝ መትከል መልካም ነው። የቆመውን መጠበቅ ግን በቁጥር ይበልጣል።

ስምንተኛ፦ ተመልሶ መለካት

አንድ ጊዜ የተለካ ደን ፎቶ ነው፤ ዕድገቱን አያሳይም። የለካችሁበትን ቦታ በስልክ ጂፒኤስ መዝግቡ። ፈቃድ ካገኛችሁ 1.3 ሜትሩ ላይ ቀጭን የቀለም መስመር አስምሩ፤ ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብትሉ የዓመቱን ዕድገት ትውጡታላችሁ። ምስማር አትምቱ፣ ቅርፊት አትላጡ። ዙሪያው በ3.14 ሳንቲሜትር ከጨመረ ዲያሜትሩ በአንድ ሳንቲሜትር አድጓል ማለት ነው። የሞቱትንና አዲስ ከ5 ሳንቲሜትር ያለፉትን ለየብቻ ጻፉ፤ የአራተኛው ደረጃ ግራፍ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ሁልጊዜ በዓመቱ ያው ወር ላይ ለኩ። ግንድ በክረምት ውሃ ጠጥቶ በጥቂት ሚሊሜትር ያብጣል፣ በበጋ መልሶ ይኮማተራል። ጥር ጥሩ ወር ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የዛፉ ጫፍም በደንብ ይታያል።